ሁዳዴን የጾመው ቡችላ

ሽሮ የሚገዛ ሰው በዓይኑ አይገዛም፤ በአፍንጫው ነው። እጁን ጆንያው ውስጥ ይከታል፣ ጭብጥ ያህል ያወጣል፣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ዓይኑን ከደን ያደርጋል። በዚያች ሰዓት እኔ ዝም እላለሁ። ሰበታ ገበያ ውስጥ እህል ስነግድ የተማርኩት ትልቅ ነገር ቢኖር ደንበኛ እያሸተተ ሳለ አለማውራትን ነው። ጥሩ ሽሮ ራሱ ይናገራል። የሚስቴ ሽሮ ደግሞ አንደበተ ርቱዕ ነው። ሽምብራውን ራሷ ትለቅማለች፣ ቅመሙን ራሷ ትመጥናለች፣ ወፍጮ ቤትም ሰው አምና አትልክም፤ ከፊቷ ካልተፈጨ አልተፈጨም። ከዓለም ገና ድረስ በባጃጅ የሚመጣለት ሽሮ ነው። ሱቁ የኔ ይባል እንጂ የሚያኖረን የሷ እጅ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ቡችላው ያደረሰብንን ጉዳት በልኩ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ቡችላውን የሰጡኝ ሽምብራ የሚያቀርቡልኝ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው የጅማን መንገድ ይዞ ወጣ ብሎ ነው፤ በወር አንድ ቅዳሜ በጋሪ ጭነው ይመጣሉ። በኦሮምኛው የአክብሮት ወግ ኦቦ እላቸዋለሁ። ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሽምብራውን ካራገፉ በኋላ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ቡኒ ቡችላ አውጥተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት።

"ይሄ ላንተ ነው" አሉኝ። "እናቱ ጅብ የመለሰች ናት።"

"ኦቦ፣ እኔ ውሻ ምን አደርጋለሁ?"

"አይጥ የለህም?"

"አይጥማ ሞልቷል።"

"እንግዲያው!" አሉና ወሬውን ዘጉት።

ጅብ የመለሰች እናት ልጅ ለአይጥ መመደቡ ከደረጃ ዝቅ መደረግ ነው። ግን ከሽማግሌ እጅ የወጣ ነገር አይመለስም፤ ተቀበልኩ። እቤት ሲውል እየጮኸ ጎረቤት ስላስቸገረ ቀን ቀን ሱቅ ይዤው መምጣት ጀመርኩ።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። የኛ ቤት ሲጾም ቤቱ በሙሉ ነው የሚጾመው። በሁዳዴ የእንቁላል ቅርፊት እንኳ በደጃፋችን አያልፍም። ድስቶቹ ሳይቀሩ በአመድ ታሽተው ነው ጾሙን የሚቀበሉት። ስለዚህ ቡችላው እኛ የበላነውን በላ። ጠዋት የሽሮ ፍትፍት፣ ቀን ምስር፣ ማታ ጥቅል ጎመን፣ በመሃል የባቄላ ንፍሮ። አበላሉ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሳህኑ መሬት ሳይነካ ያልቃል። ሚስቴ መጀመሪያ ተገርማለች።

"እንዴት ያለ የተባረከ ውሻ ነው፣ ጾም ያውቃል!" አለች።

በአራተኛው ቀን ቡችላው መልስ መስጠት ጀመረ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። ይሄኛው በአፉ ቢጮኽም ከኋላው አይጮኽም። ድምፅ ቢኖረው ኖሮ እንኳ ጥሩ ነበር፣ ቢያንስ ጥፋተኛው ይታወቃል። የሱ ግን በዝምታ ነው የሚወጣው። ከጆንያዎቹ ጀርባ እንደ ቅዱስ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይለቀዋል። ሽታው መጀመሪያ ወደ ጣሪያ ወጥቶ ዙሪያውን ካየ በኋላ ነው የሚወርደው።

አንዲት የቆየች ደንበኛዬ ሦስት ኪሎ ሽሮ ልትገዛ መጣች። እጇን ከተተች፣ ጭብጥ አወጣች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ዓይኗን ከደነች። እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ልክ በዚያች ሰዓት የቡችላው ምሳ ወረደ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ገለጠች። ሽሮውን ቀስ ብላ ወደ ጆንያው መለሰችና መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ጋሼ፣ ይሄ ሽሮ ሰንብቷል መሰለኝ?"

"ትናንት ነው የተፈጨው!"

"እንጃ..." አለች፣ ወደ ጆንያው እያየች።

ሁለት መልስ ነበረኝ። ውሻው ነው ብል፣ ሰው የሚበላው ነገር የሚሸጥበት ቤት ውስጥ ውሻ ምን ይሠራል ልትለኝ ነው። ዝም ብል ሽሮው ሸተተ ማለት ነው። በየትም በኩል ብሄድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ አንድ የማይረባ ሳል ሳልኩ።

"በቃ ነገ እመለሳለሁ" ብላ ሄደች። በገበያ ቋንቋ ነገ እመለሳለሁ ማለት ምን እንደሆነ ለነጋዴ አይነገርም።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሚስቴ ጋ ደረሰ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቀጥታ ወደ ሱቅ መጣች፣ ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም።

"ሽሮሽ ምን ነካው አሉኝ!" አለች። "ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ! በሕይወቴ እንዲህ ተብዬ አላውቅም!"

"ውሻው ነው እኮ—"

"ውሻው እንደሆነማ አውቃለሁ። እነሱ ግን አያውቁም።" ጣቷን ከጆንያው ጀርባ ወደተኛው ወንጀለኛ ቀሰረች። "ኦቦ በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ይሄን ይዘውልኝ ይሄዳሉ።"

"ስጦታ ይመለሳል እንዴ?"

"ስጦታ አይመለስም። ይሄ ግን ስጦታ አይደለም፣ ቅጣት ነው።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ውሻ አልፈለግሁም፣ ውሻ አልጠየቅሁም። ግን ቡችላው አንድ አመል አውጥቷል፤ እህል ስመዝን መጥቶ አገጩን ጫማዬ ላይ ያስደግፋል። ካልተንቀሳቀስኩ አይንቀሳቀስም። እኔ በዚህ ገበያ ውስጥ ምንም ሳይፈልግ አጠገቤ የሚቀመጥ ሌላ ፍጡር አላውቅም። ከሱ በቀር ሁሉም ወይ ሊያስቀንስ ወይ በዱቤ ሊወስድ ነው የሚጠጋኝ። ስለዚህ ለሚስቴ እሺ አልኳት፣ በሆዴ ግን ሦስት ሳምንት አለኝ ብዬ ቆጠርኩ። ኦቦ እስኪመጡ ሆዱ ከተስተካከለ ትምረዋለች፤ ካልተስተካከለ በጋሪ ተጭኖ ይመለሳል።

ሕክምናውን በራሴ ጀመርኩ። እኛን ሆዳችንን ሲነፋን ምን እናደርጋለን? ዝንጅብል። ዝንጅብል ሰጠሁት፤ አስነጠሰው። ፌጦ ሰጠሁት፤ በጥርጣሬ አየኝ። ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ በፍትፍት ደብቄ ሰጠሁት፤ ያንን ዋጠው፣ ሽታው ላይ ግን ቅመም ከመጨመር በቀር የፈየደው የለም። ከጎኔ በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤቴ አየችኝና፣ "ወተት ነው እንጂ! ሕፃን አይደል? ወተት ያለዝበዋል" አለችኝ። ከሱሉልታ የሚመጣ ወተት የሚሸጥበት ቤት ሄጄ ተደብቄ ግማሽ ሊትር ገዛሁ። ቡችላው ጠጣው፣ ጢሙን ላሰ፣ ተኛ። የዚያን ቀን ሱቄን ገና በጠራራ ፀሐይ ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለምን ዘጋህ ላሉኝ ሁሉ ለቅሶ አለብኝ አልኩ። ውሸትም አልነበረም።

በማግስቱ ዘንቢል ውስጥ ከትቼው ዓለም ገና ያለ የእንስሳት ክሊኒክ ልወስደው ባጃጅ ተሳፈርኩ። ከኋላ ሦስት ሆነን ተጣብበናል። ቡችላው መንገዱ ሲያንገጫግጨው አንዴ ለቀቀው። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ወደኔ አየ። እኔ ወደ ሦስተኛው ሰው አየሁ። ሦስተኛው ወደ ሹፌሩ። ሹፌሩ ነዳጅ ረገጠ። ባጃጅ በር የሌለው ለካ ታስቦበት ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘኋት ሐኪም ልጄ የምትሆን ወጣት ሴት ናት። የቡችላውን ሆድ እንደ ባጃጅ ጎማ መታ መታ አደረገችና ወረቀት አወጣች።

"ምን ይበላል?"

"እኛ የምንበላውን።"

"እናንተስ ምን ትበላላችሁ?"

"ጾም ነው እኮ ዶክተር።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እሱም ይጾማል?"

"ቤቱ ይጾማል።"

"የንስሐ አባትስ ይዟል?"

"ገና ነው" አልኳት። ከዚያ ትጋቴን ላሳያት ብዬ፣ "ነጭ ሽንኩርትም ሰጥቼዋለሁ" ጨመርኩበት።

ሳቋ ጠፋ። "ጋሼ፣ ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቀዩም እንደዚያው። ሁለተኛ እንዳይሰጡት።"

ወንበሩ ላይ ትንሽ ዝቅ አልኩ። እሷ ግን ሰው የማታዋርድ ልጅ ነበረች፤ የትል መድኃኒት ሰጥታው በደንብ አስረዳችኝ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን ይቅር አለች፤ ማለትም ሱቄን በሙሉ ከለከለችው። ወተትም ይቅር። ነጭ ሩዝ በደንብ ተቀቅሎ፣ ስብ የሌለው ሥጋ ትንሽ ተከትፎ፣ ጨው የለ ቅመም የለ። ድንገት እንዳልቀይርበት፣ በየቀኑ ከድሮው እየቀነስኩ ከአዲሱ እየጨመርኩ በሳምንት እንዳደርሰው። በቀን ሁለቴ ሆዱን ከመጠቅጠቅ አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት። ከበላ በኋላ ትንሽ መንሸራሸር።

"ደግሞ ሲበላ ይጣደፋል አይደል?"

"የሚቀማው ሰው ያለ ይመስለዋል።"

"ከምግቡ እኩል አየር እየዋጠ ነው። ሳህኑ መሃል ድንጋይ ያስቀምጡለት። ሊውጠው የማይችል ትልቅ፣ የታጠበ። ድንጋዩን እየዞረ ሲለቅም ቀስ ማለት ይማራል።"

ቀላል ነገር ነው ብዬ ወጣሁ። ሩዙ ቀላል ነው፣ ድንጋዩም ሰበታ ውስጥ ሞልቷል። መንገድ ላይ ነው ሥጋው ትዝ ያለኝ። በሁዳዴ የኛዎቹ ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል። ክፍት ያለው የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ገበያው በሙሉ የሚያየው ቦታ ላይ ነው። ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ገባሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ ለዓመታት የማውቀው ተረበኛ ነው፤ ኮፍያዬ አላታለለውም።

"ጋሼ!" አለ፣ ለመንገዱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። "እንኳን ደህና መጡ! ሁዳዴ ተፈታ እንዴ?"

"ዝም በል፣ ለውሻ ነው።"

"እህ፣ ለውሻ።" ቢላውን መሳል ጀመረ። "በጾም ጊዜ የዚህ ሰፈር ውሻ ይበዛል።"

"እውነቴን ነው።"

"ሁሉም እውነታቸውን ነው። ታዲያ ለውሻው ከጮማው ላድርግለት?"

"ጮማ ሐኪም ከልክሎታል።"

"ወይ ውሻ!" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። "ደም ብዛትም አለበት ማለት ነው!"

ሩብ ኪሎ ቀይ ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። አስፋልቱን ስሻገር ሦስት ሰው እንደምን አደርክ አለኝ፤ ሦስቱም ያዩት ፊቴን ሳይሆን ጋዜጣውን ነው።

የሚስቴን ድስት መንካት የማይታሰብ ስለሆነ ባዶ የቲማቲም ጣሳ አጠብኩና ከሱቁ ጀርባ ከሰል ላይ ጣድኩት። የሠራሁትን ስህተት ያወቅሁት ውኃው ሲንተከተክ ነው። አንዱን ሽታ ሳስወጣ ሌላ ሽታ አስገባሁ። ሰው ሳምንታት ሙሉ ሥጋ በናፈቀበት ወቅት ከሽሮ መደብር ውስጥ የቅቅል ሽታ እየተነነ ይወጣል! የበርበሬዋ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ፣ "ጎረቤት፣ ፋሲካ ባንተ በኩል ቀድሞ ገባ እንዴ?" አለችኝ።

ወሬው በሦስተኛው ቀን ሚስቴ ጋ ሲደርስ አድጎ ነበር። እኔ በጓሮ በኩል ሥጋ እየጠበስኩ ለነጋዴዎች እሸጣለሁ ተብሏል። መጣች። ጓሮውን ከፍታ ስትገባ ቡችላው ምሳ ላይ ነው። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ድንጋዩን ይዞራል፣ አንዲት የሩዝ ፍሬ ያነሳል፣ ያላምጣል፣ ደግሞ ይዞራል። ልቡ የሞላ ውሻ እንጂ የሚጣደፍ አልነበረም። ሚስቴ ነገሯን ትታ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለች።

"ድንጋዩ ምንድን ነው?"

"ሐኪም ያዘዘችለት ነው።"

"ድንጋይ?"

"ቀስ ብሎ እንዲበላ።"

ቆማ አየችው። "ላንተም አንድ ባዘዘችልህ" አለች። ቀጥሎ አየሩን ሳብ ሳብ አደረገችው፤ የሽሮ ባለሙያ አፍንጫ ነው፣ አይሸወድም። "ዛሬ የለም።"

"ከትናንት ጀምሮ ቀንሷል።"

"ቅዳሜ ኦቦ ሲመጡ እናያለን" አለች። "ሥጋህን ግን ከሽሮዬ ጎን ከዛሬ ወዲያ ብትቀቅል አብረኸው በጋሪው ትሄዳለህ።"

ጣሳዬን ይዤ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ተሰደድኩ። የቀሩት ቀናት በሰላም አለፉ ማለት ይቻላል። አንድ ጫኝ የጾም ሳምቡሳውን አካፍሎት አንድ ቀን ወደ ኋላ መለሰን እንጂ ሱቁ ጥራጥሬ ጥራጥሬ መሽተት ጀመረ። ነገ እመለሳለሁ ያሉት ባይመለሱም አዲሶቹ አይሸሹም። ቡችላውም ሆዱ ገባ ብሎ ወገቡ ታየ። ረቡዕ አይጥ ያዘ። ምን እንደሚያደርጋት ስላላወቀ ለቀቃት፣ ግን ይዟል።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ደረሱ።

"አካም ቡልቴ?" አሉኝ ገና ከጋሪው ሳይወርዱ። "ሰሬንሆ? ውሻውሳ?"

"ይኸው ኦቦ፣ ደህና ነው።"

ጭናቸው ላይ አወጡት፣ ጆሮውን አሹት፣ ከካፖርታቸው ኪስ እፍኝ ሙሉ የባቄላ አሹቅ አወጡና እኔ ሮጬ ሳልደርስ አጎረሱት። ሁለተኛውንም።

"ኧረ ኦቦ! ባቄላ ሐኪም ከልክላዋለች! ሩዝና ሥጋ ብቻ ነው የሚበላው!"

"ሩዝ?" አሉ፣ ማጉረሳቸውን ሳያቋርጡ። "ሩዝ በሥጋ? እንግዲያው እሱን ወደ እርሻ መልሰውና እኔን እዚህ አስቀረኝ። እናቱ እኮ በባቄላ ነው ጅብ የመለሰችው!"

ለዚያ ነዋ ጅቡ የተመለሰው ብዬ አሰብኩ። ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም፣ ዋጥኩት። እሳቸው ጨውና ሳሙና ሊገዙ ገበያ ወጡ። እኔ ጫማዬ ላይ ያለውን አገጭ እያየሁ ሰዓት መቁጠር ጀመርኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተመለሱ። ሚስቴም ቡችላውን የምትሸኝበት ዘንቢል አንጠልጥላ መጥታለች፤ ካልተሳካ ቶሎ ልትገላገለው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሽሮ እያሸተቱ ነው፤ ዓይናቸውን ከድነዋል። ኦቦ ሻይ ይዘው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቡችላው እግራቸው ሥር ተጋድሟል።

"አባባ" አለች ሚስቴ፣ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ "ስለዚህ ውሻ አንድ ነገር ልልዎት ነበር..."

መጣ። የሦስት ሳምንት ድካሜ ከጣሪያው ሲወርድ ተሰማኝ። የሴቶቹ ዓይን ተገለጠ። አንደኛዋ እጇ ውስጥ ያለውን ሽሮ አየች። ሚስቴ እኔን አየች። እኔ ቡችላውን፣ ቡችላው ኦቦን።

ኦቦ የሻይ ብርጭቋቸውን መሬት አስቀመጡ።

"ይቅር በሉኝ ልጆቼ" አሉ። "እኔ ነኝ። ጠዋት አሹቅ በልቻለሁ፣ የሽማግሌ ሆድ ደግሞ አይታዘዝም።"

በኛ አገር ሰው ብዙ ነገር ያምናል። መክሰሩን ያምናል፣ በሚስቱ መሸነፉን እንኳ ያምናል። ይሄን ግን ማንም አምኖ አያውቅም፤ ሰባት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ጥፋተኛው ሁሌም ስምንተኛው ሰው ነው። ጋቢ የለበሱ፣ በአገራቸው ሰው የሚያስታርቁ፣ ሲገቡ የሚነሱላቸው ሰውዬ፣ ለአንድ ቡችላ ብለው በሁለት የማያውቋቸው ሴቶች ፊት ተሸከሙት። የማን እንደሆነ እኔ አላጣሁትም። ከቡችላው ጋር አንድ ወር ያህል ውያለሁ፤ እንደ ሰው የእጅ ጽሕፈት ለይቼ አውቀዋለሁ። ሚስቴም አላጣችውም። ግን ውሻው ነው ብትል ሽማግሌን ዋሹ ማለት ነው።

"ኧረ ምንም አይደል አባባ!" አለች አንደኛዋ ሴት፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ። "የጾም ነገር ነው፣ ማን የማይሆነው አለ!" ሽሮውንም እንደገና አሸተተችና፣ "አራት ኪሎ መዝንልኝ" አለችኝ።

ሴቶቹ ሲወጡ ኦቦ ወደ ሚስቴ ዞሩ። "ስለ ውሻው ምን ልትይኝ ነበር ልጄ?"

ሚስቴ ዘንቢሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ምኑን... ምን ብናበላው ይሻላል ልልዎት ነበር።"

ኦቦ አሰቡበት። ቡችላውን ቁልቁል አዩት፣ ጢማቸውን አሻሹ።

"ባቄላ እንዳትሰጡት" አሉ።

ሚስቴ ዘንቢሉን ሽሮ ሞልታ እምቢ ሲሉ ጋሪያቸው ላይ ጫነችላቸው። ጋሪው ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ በጨዋ ደንብ እጇን አጣምራ ቆመች፤ ከታጠፈ በኋላ ጆንያ ላይ ወድቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ትንፋሿ ሲመለስ ዓይኗን ጠራረገችና፣ "ሩዙን ከነገ ጀምሮ እቤት እኔ እቀቅለዋለሁ" አለች። "አንተማ እያሳረርከው ነው። ሥጋው ግን ፋሲካ እስኪሆን እዚያው ወፍጮ ቤት።"